በትምህርት ላይ ሳሉ ለአገር የሞቱት ወታደሮች ስማቸው ይጻፍ

ለአገሩ የሞተን ሰው ማሰብ በሕይወት ያለው ትውልድ ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው። ይህንንም ዕዳ የኢትዮጵያ ሕዝብ ጨርሶ የዘነጋበት ጊዜ የለም። የካቲት 23 ቀን በመጣ ቁጥር የዐድዋን ጀግኖች፥ የካቲት 12 ቀን ሲደርስ በአዲስ አበባ በግፍ የተገደሉትን ሰማዕታት፥ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የአምስቱን ዓመት አርበኞች ያስባል። ሐውልት ቆሟል፤ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ጸሎትም ይደርሳል። ነገር ግን የመታሰቢያችንን ሥርዐት አጥብቆ ለሚመረምር ሰው አንድ ጉድለት ይታየዋል። ይኸውም ከጠላት ፊት ለፊት ተሰልፎ በውጊያ ላይ የወደቀውን ወታደር ስናከብር፥ በዚያው በጦርነት ዘመን ከውጊያው ውጭ የሞተውን ጓደኛውን የመዘንጋት ልማድ ነው።

በጦርነት ዘመን የሚሞት ወታደር ሁሉ በውጊያ ላይ እንደማይሞት የታወቀ ነው። አንዱ ገና የጦር ትምህርት ሲማር፥ ቦምብ መወርወር ሲለማመድ፥ ቦምቡ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ይሞታል። አንዱ ወደ ጦር ግንባር ሲጓዝ መኪና ተገልብጦበት፥ ወይም ሙላት ያለበትን ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ይቀራል። አንዱን በሰፈር ሳለ ወባና ተስቦ ይጨርሱታል። አንዱ ደግሞ መሣሪያውን ካስረከበ በኋላ በምርኮ ቤት ይገደላል። እነዚህ ሁሉ ከቤታቸው የወጡት እንደ ሌሎቹ ሁሉ እናታቸውን ተሰናብተው፥ በሰንደቅ ዓላማው ፊት ምለው ነው። የሞታቸው ሁኔታ ግን ለቀረርቶና ለፉከራ የማይመች ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ተራኪው አልፏቸው ይሄዳል፤ ጸሐፊውም ከቁጥር በቀር ሌላ አይጽፍላቸውም። ይህ ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት ነው ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ከፋ ከመግባቱ በፊት የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። ጎጀብ ወደ ኦሞ የሚገባ፥ በክረምት የሚያስፈራ ትልቅ ወንዝ ነው። በጥንት ዘመን ለከፋ ነገሥታት የአገር በርና አጥር ሆኖ ኖሯል። መንገደኛው ወንዙን ሲሻገር ስለ ቡናው፥ ስለ ማሩና ስለ ደኑ ያስብ ይሆናል፤ በእውነትም ከፋ በዚህ የታወቀ አገር ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ዳርቻ የሆነውን ነገር የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚያ ወር ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከቀሩት ወታደሮቻቸው ጋር በጠላት ጦር ተከበው፥ ጥይትና ስንቅ አልቆባቸው፥ ከብዙ ድካም በኋላ እጃቸውን ሰጡ። ከእርሳቸውም ጋር እጃቸውን ከሰጡት መካከል ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ።

የእነዚህ ልጆች ታሪክ ከመጀመሪያው ሊነገር ይገባዋል። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፥ መንግሥት በዘመናዊ ሥርዐት የተማሩ መኮንኖችን ለማፍራት በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት አቋቋመ። ለማስተማርም አምስት የስዊድን መኮንኖች መጡ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። ትምህርቱ የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቹ ፊደልና የውጭ አገር ቋንቋ ከሚያውቁት ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ልጆች የተመረጡ፥ ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ያላለፈ ወይም ጥቂት ያለፈ ወጣቶች ነበሩ። ካርታ ማንበብን፥ ጦር ማሰለፍን፥ መትረየስና መድፍ ማዘዝን ሊማሩ ገቡ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ዓመት ሳይሞላው፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ የተማሪዎቹ ሜዳ የልምምድ ሜዳ መሆኑ ቀረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የጠላት ጦር በመኪና ተጭኖ በደሴ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፥ መንገዱን እንዲያውኩ ወደ ጣርማ በር የተላኩት ከሆለታ ልጆች ጋር የተቋቋመው ጦር ነው። ያን ያህል ጦር በዚያ ሰዓት ለመመለስ እንደማይችሉ ግልጽ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ዋና ከተማችንን ያዘ። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው ቢገቡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ ርቋል፤ አስተማሪዎቻቸውም ወደ አገራቸው የሚመለሱ እንግዶች ናቸው። እነርሱ ግን ወደ ምዕራብ ወደ ወለጋ አቀኑ።

በወለጋም ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሰብሳቢው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሲሆኑ፥ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ የሚባሉት የሆለታ መኮንኖች ከዋናዎቹ መካከል ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያምም በዚሁ ማኅበር ነበሩ። ማኅበሩ ባወጣው ባለ 10 አንቀጽ ደንብ ላይ ገበሬው እንዳይበደል፥ የተማረከ ጠላትም እንዳይንገላታ፥ አባልም አገሩን ትቶ እንዳይሰደድ ተጽፎ ነበር። አገሩ በተወረረበት፥ መንግሥቱ በተበተነበት ሰዓት ስለ ገበሬው በሬና ስለ ምርኮኛው ሕይወት ሕግ የሚጽፍ ወጣት ምን ዓይነት ትምህርት እንደ ተማረ ከዚህ ይታወቃል። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦናያ ሜዳ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጥለው፥ የጠላትን የአየር ጦር ጄኔራል ማሊዮኮን ከሌሎች መኮንኖች ጋር የገደሉትም እነዚሁ ናቸው።

ከዚያም በጎሬ የነበሩትን ልዑል ራስ እምሩን የጦሩ አለቃ አድርገው ተነሡ። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ተዘጋባቸው፤ አገሩ ተከፋፍሏል፥ ጠላት ከአየርም ከምድርም ይከታተላቸዋል። ወደ ደቡብ ዞረው በከፋ በኩል ለመውጣት ሲሞክሩ በጎጀብ ዳርቻ ተከበቡ። ልዑል ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ልጆቹም በምርኮ ቆዩ። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረ ጊዜ፥ ጠላት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባወረደው ቍጣ ምርኮኞቹንም አልማረም። ከሆለታ ልጆችና ከጥቁር አንበሳ ማኅበርተኞች አብዛኞቹ ተረሸኑ። ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ፥ የሐኪም ወርቅነህም ሁለቱ ልጆች ከተገደሉት ውስጥ ናቸው። የምርኮኛን ሕይወት ስለ መጠበቅ በጄኔቫ በ1921 ዓ.ም. የተደረገውን ውል ኢጣልያ ፈርማው ነበር። ምርኮኛ እንዳይንገላታ በጫካ ውስጥ ሕግ የጻፉት ልጆች፥ ያንን ውል በፈረመ መንግሥት እጅ በምርኮ ተገደሉ።

እንግዲህ አንባቢ ይመዝን። እነዚህ ወጣቶች የሞቱት በዐድዋ እንደ ሞቱት አይደለም፤ ጋሻና ጐራዴ ይዘው፥ ከበሮ እየተመታ፥ አዝማሪ እያወደሰ አልወደቁም። የጀመሩት ትምህርት አላለቀም፤ የሞቱትም እጃቸው ባዶ ሆኖ ነው። ስለዚህ የጦር ታሪክ ሲጻፍ የማይጨው ምዕራፍ ከተዘጋ በኋላ፥ የአርበኞቹ ምዕራፍ ከመከፈቱ በፊት፥ በሁለቱ መካከል በጥቂት መስመር ይታለፋሉ። ከእነርሱም ጋር ከጎሬ እስከ ጎጀብ በተደረገው ጉዞ በረኃብ፥ በበሽታና በድካም የሞቱት ወታደሮች፥ ስንቅ ተሸካሚዎችና ሴቶች አሉ፤ እነዚህ የጥቂት መስመር ዕድል እንኳ አላገኙም።

አንዳንድ ሰው፥ እጅ መስጠት የሚያስመሰግን ነገር አይደለምና ስለ ጎጀብ ዝም ማለት ይሻላል ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከአገር ፍቅር የመጣ ቢመስልም ፍርዱ የቀና አይደለም። ስንቅና ጥይት ያለቀበት፥ በአራት ማዕዘን የተከበበ አለቃ የተከታዮቹን ነፍስ ለማትረፍ ሲል ራሱን አሳልፎ ቢሰጥ፥ ሊመሰገን እንጂ ሊታፈርበት አይገባም። ከዚህም በላይ የወታደር ክብር የሚመዘነው በገባው መሐላ ነው። መሐላውን እስከ መጨረሻ የጠበቀ ሁሉ፥ ሞቱ በምሽግ ውስጥ ቢያገኘው፥ በልምምድ ሜዳ ቢያገኘው፥ በእስር ቤት ግድግዳ ሥር ቢያገኘው፥ ዋጋው አንድ ነው። የሞትን ሁኔታና ቦታ የሚመርጥ ወታደር የለምና።

ሌላው ሰው ደግሞ፥ በልምምድና በጉዞ ላይ የደረሰን ጥፋት መግለጥ ለጠላት ድካማችንን ማሳየት ነው ይላል። ይህ ጦርነቱ ገና ሳይፈጸም የሚባል ከሆነ ዋጋ አለው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ዝምታው ማንን እንደሚጠቅም መጠየቅ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር እናምጣ፤ በዚያ የሞቱት የተገደሉት በትምህርት ላይ ሳሉ ነውና ከነገራችን ጋር ይስማማል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ የሚወርደውን ጦር ለማለማመድ፥ የአሜሪካ ወታደሮች በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ፥ ስላፕተን ሳንድስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ልምምድ ያደርጉ ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን 1936 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም.፥ ሌሊት ወታደርና ታንክ የጫኑ ስምንት መርከቦች ተከታትለው ወደ ልምምዱ ቦታ ሲጓዙ፥ ከሼርቡር ወደብ የወጡ ዘጠኝ የጀርመን ፈጣን ጀልባዎች ደረሱባቸው። ሁለቱ መርከቦች ሰጠሙ፤ ሌላውም ክፉኛ ተጎዳ። የሞቱት በተለመደው ቆጠራ 749 ናቸው።

የዚህን ያህል ሰው የሞተበት ምክንያት የጠላት ብርታት ብቻ አይደለም። መርከቦቹን ከሚጠብቁት ሁለት የጦር መርከቦች አንዱ ተጎድቶ ለጥገና ወደብ ቀርቶ ነበር። በጽሕፈት ስሕተት ምክንያት የወታደሮቹ መርከቦችና የጠባቂዎቹ የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር የተለያየ ስለ ነበረ የማስጠንቀቂያው ወሬ በጊዜው አልደረሰም። ብዙዎቹም ወታደሮች በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን መታጠቂያ እንዴት እንደሚታጠቁት በደንብ ስላልተማሩ በብብታቸው ሥር በማድረግ ፈንታ በወገባቸው ታጥቀውት፥ የትጥቃቸው ክብደት ከላይ ሲጫናቸው ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ ሰጠሙ። አንድ የቁጥር ስሕተትና አንድ ያልተሟላ ትምህርት የብዙ መቶ ሰው ነፍስ አጠፉ።

አለቆቹ ታላቁ ዘመቻ እንዳይገለጥባቸው ፈርተው፥ የተረፉት ወታደሮች አንዳች እንዳይናገሩ በብርቱ አዘዙ። ይህ በጊዜው ተገቢ ነበረ ማለት ይቻላል። ከሞቱትም የተገኘው ትምህርት በምስጢር ሥራ ላይ ዋለ፤ የሬዲዮው ቁጥር አንድ እንዲሆን ተደረገ፤ ወታደሩ መታጠቂያውን እንዲማር ተደረገ፤ ከውሃ የሚያወጡ ትንንሽ ጀልባዎችም ተዘጋጁ። ከ40 ቀን ያህል በኋላ፥ ግንቦት 29 ቀን፥ ታላቁ ጦር በኖርማንዲ ወረደ። ነገር ግን ጦርነቱ ካለፈ በኋላም የእነዚያ 749 ሰዎች ነገር ከሌላው ቁጥር ጋር ተደባልቆ፥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ብዙ ዓመት ኖረ። መንግሥታት ዝም ሲሉ፥ የዚያው መንደር አንድ ተራ ነዋሪ ከባሕር ሥር የነበረውን አንድ ታንክ በራሱ ድካም አስወጥቶ በ1976 ዓ.ም. በቶርክሮስ መንደር ለመታሰቢያ አቆመው። የሟቾቹ ዘመዶችም የልጆቻቸውን ነገር ሊያስቡ ወደዚያ መጡ። ልጆቹ ከሞቱ 40 ዓመት አልፎ ነበር፤ ብዙዎቹ እናቶችና አባቶች በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በልምምድ ላይ የሞተ ወታደር ለሚከተሉት ወታደሮች ሕይወት ዋጋ የከፈለ መሆኑን ነው። የሞተበት ምክንያት ተመርምሮ ከተጻፈ ሌላውን ያድናል፤ ምክንያቱ ከተሸሸገ ግን ያው ስሕተት ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው፥ ምስጢር ዘመን የተወሰነለት ነገር መሆኑን ነው። ምስጢሩ ከጠላት የሚጠበቅበት ቀን ሲያልፍ ከወላጅ መሸሸግ የሚገባው አይደለም። በማንኛውም አገር ልጁን ለመንግሥት ያስረከበ አባት፥ ልጁ የት፥ መቼና በምን ምክንያት እንደ ሞተ የማወቅ መብት አለው። ሞቷል የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ደብዳቤ ለአባት አይበቃውም።

በአገራችንም ስምን በሥርዐት የመጻፍ ጥቅም የታየበት ጊዜ አለ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተውና ከዚያ በኋላ የተከተለው የቃኘው ጦር ከ120 የሚበልጡ ልጆቹን አጥቷል። ለእነርሱ በአዲስ አበባም፥ በኮሪያ አገር በቹንቾን ከተማም ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በሩቅ አገር የሚኖር ሕዝብ እንኳ ያስባቸዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ጦሩ ሲዘምት እያንዳንዱ ሰው በመዝገብ ተጽፎ ስለ ነበር ነው። የቃኘው ወታደሮች የሞቱት በውቅያኖስ ማዶ ሲሆን፥ የጎጀብ ልጆች የተማረኩት ከጅማ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። የሩቆቹን ያሰብን የቅርቦቹን ብንዘነጋ ሊያስደንቅ ይገባል።

በዚህ ነገር ላይ የመንግሥት ሹማምንት ብቻ ሳይሆኑ ካህናትም ድርሻ አላቸው። ምናልባት ከአባቶች አንዱ፥ የሙታንን ስም እግዚአብሔር ያውቀዋልና መጻፉ ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር መዝገብ አያስፈልገውም። መዝገብ የሚያስፈልገን ለእኛ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ራሷ ይህን ታውቃለች። ለሟች ፍትሐት ሲደረግ ካህኑ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነው። በአርባው፥ በሰማንያው፥ በሙት ዓመቱ ተዝካር ሲወጣ ነፍሱ የምትታሰበው በዚያ ስም ነው። በወታደር መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው የዓለም ስሙ ነው። ስለዚህ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና የንስሐ አባቱ ካለፉ፥ ያ ሰው በጦር ቤት መዝገብ ቢገኝ እንኳ በጸሎት የሚጠራበት ስም ጠፋ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬም ቢሆን አንድ ወታደር ወደ ጦር ትምህርት ቤት ሲገባ ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙ፥ እስላም ከሆነም እንደ ሃይማኖቱ ሥርዐት የሚያስፈልገው ነገር ከዓለም ስሙ አጠገብ ቢጻፍ፥ ከአንድ መስመር ቀለም በቀር ወጪ የለበትም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

መጀመሪያው፥ የጎጀብ መዝገብ እንዲዘጋጅ ነው። በሆለታ ገነት የተማሩት ልጆች፥ በጥቁር አንበሳ ማኅበር የተመዘገቡት፥ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር እስከ ጎጀብ የደረሱት፥ በየጉዞው የሞቱት፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተረሸኑት በስማቸው፥ በአባታቸው ስም፥ በትውልድ አገራቸው፥ በሞቱበት ቀንና ምክንያት ተለይተው በአንድ መጽሐፍ ይጻፉ። ጽሑፍ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ልዑል ራስ እምሩ ያዩትንና የሚያስታውሱትን ጽፈው አልፈዋል። አስተማሪያቸው ታምም ስለ ኢትዮጵያ አገልግሎታቸው በስዊድን ቋንቋ መጽሐፍ አሳትመዋል። አንድ የሰሜን አውሮፓ ሰው ስለ ተማሪዎቹ በቋንቋው መጽሐፍ ሲያወጣ፥ እኛ በአማርኛ የስማቸውን ዝርዝር አሟልተን አለማውጣታችን ተገቢ አይሆንም። የተረፉትም ጥቂቶች፥ እንደ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ያሉት፥ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ጦር ካቋቋሙት ዋና ዋናዎቹ ሆነዋል። ከዚህም የሞቱት ቢቆዩ ለአገር ምን ይሠሩ እንደ ነበር ይገመታል።

ሁለተኛው ለከፋ ዞን ሹማምንትና ለቦንጋ ከተማ የሚቀርብ ነው። በጎጀብና በከፋ መንደሮች፥ ያንን ዘመን ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች አሉ። በዐሥር ዓመቱ በዓይኑ ያየ ልጅ ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ወደ መቶ የተጠጋ ነው፤ ስለዚህ አሁን ያለው ምስክር ሁሉ ከሰሚ የሰማ ነው ማለት ይቻላል፤ እርሱም ጥቂት ዓመት ካለፈ ይጠፋል። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመምህራን ኮሌጅ አለ፤ በዚያ የሚማሩት ወጣቶች ዕድሜያቸው ከሆለታ ልጆች ዕድሜ ጋር አንድ ነው። እነርሱ በየመንደሩ ዞረው የሽማግሌዎቹን ቃል በከፍኛም በአማርኛም ቢጽፉ ትምህርትም መታሰቢያም ይሆናል። ሲጽፉም የዘማቾቹን ብቻ ሳይሆን፥ ለዘማቾቹ እህል ያቀረበውን፥ ቁስለኛ የደበቀውን፥ በሁለቱ ወገን መካከል ተጨንቆ ቤቱና ከብቱ የጠፋበትን ገበሬም አይርሱ። የከፋ ሕዝብ ከዚያ በፊትም፥ በ1890 ዓ.ም. ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው በተወሰዱ ጊዜ፥ የምርኮን ኀዘን ቀምሷል። ስለዚህ ስለ ምርኮኛ የሚነገረውን ነገር ለመረዳት ከማንም ሕዝብ ይልቅ ቅርብ ነው። ከፋ ደኑን ጠብቆ በማቆየቱ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል፤ በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። ዛፍን በመዝገብ ያስጻፈ አገር ሰውን ለማስጻፍ አይቸገርም።

ሦስተኛው ለጦር አለቆችና ለመሥሪያ ቤቶች ነው። ከእንግዲህ በልምምድ፥ በጉዞ ወይም በሰፈር የሚሞት ወታደር ሁሉ በውጊያ እንደ ሞተው በሙሉ ክብር ይቀበር፤ የሞቱ ምክንያት በሐቅ ተመርምሮ ይጻፍ፤ ለቤተ ሰቡም በጨዋ ቃል ይገለጥ። ምርመራው ሰው ለመክሰስ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስል፥ የተገኘው ትምህርት ወዲያው ለሌሎቹ ሰፈሮች ይድረስ። ስሕተቱን የሚሸሽግ አለቃ ለጊዜው ከወቀሳ ያመልጥ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ልጅ ለሞት አሳልፎ ይሰጣል።

ሐውልት ማቆም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ስም የሌለበት ሐውልት ስለ ሁሉም የሚናገር ሲመስል ስለ ማንም አይናገርም። እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን መምህራን አጥብቀው ከሚያስተምሩን ነገር አንዱ፥ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንዳያስቀር መጠንቀቅ እንደሚገባው ነበር፤ የቀረችው ፊደል ትንሽ ብትሆንም የቃሉን ምሥጢር ታፋልሳለችና። የአንድ ሕዝብ የታሪክ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የቀረው ስም የተራ ወታደር ስም ቢሆንም፥ ከመጽሐፉ ሲጎድል ታሪኩ የተሟላ አይሆንም።

ስለዚህ በመጪው የካቲት 12 ቀን፥ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር አበባ ሲቀመጥ፥ ከአዲስ አበባ ሰማዕታት ጋር በጎጀብ ተማርከው የተረሸኑት የሆለታ ልጆች በግልጥ እንዲጠሩ፥ በቦንጋና በአካባቢዋ ባሉት አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ቀን ጸሎት እንዲደረግላቸው እናሳስባለን። መዝገቡ እስኪዘጋጅ ድረስ እስከ አሁን የታወቁት ጥቂት ስሞች ይጠሩ፤ ከዚያም ስም በተገኘ ቁጥር በየዓመቱ ይጨመር። ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ለመቁረጥ የአንድ ሹም ፊርማና የአንድ ጸሐፊ ትጋት ይበቃል።